የካርዶቹን የድሮ ስም የመለስንበት ጠዋት

ደብረ ታቦር የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርሁ ዕለት የመሬት መዝገብ ቢሮው ኃላፊ አቶ ደሳለኝ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና «የሚሠራውን አትነካኪ» አሉኝ። እኔ ደግሞ መንካት እወዳለሁ።

የእብናት ቅርንጫፍም በእኔ ሥር ነበር። እዚያ ባለሙያ የለም፤ እጄም ዓይኔም መዝገብ ጸሐፊዋ ፈቲያ ናት። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው፤ ኤት ዜሮ የሚባለው ወደ ቢሮው ኮምፒውተሮች፣ ኤት ዋን የሚባለው ወደ እኛ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌላታለሁ። በስልክ «ኤት ዋንን ንቀይው» ካልኋት ይበቃል። ለዓመታት እንዲህ ሠራን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእብናቱን ሰርቨር የሚያሠራውን ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ከደብረ ታቦር ሆኜ አሻሻልሁ። ለፈቲያ አልነገርኋትም፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ መስሎኝ ነበር። ሰርቨሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ከእኔ ጋር ግን አልተገናኘም። አዲሱ ሲስተም ለካርዶቹ በተሰኩበት ቦታ ቁጥር አዲስ ስም አውጥቶላቸዋል። የአድራሻው ቅንብር የተጻፈው በድሮው ስም ስለሆነ ሁለቱም ካርዶች አድራሻ አጡ፤ የቢሮው ኮምፒውተሮችም ከሰርቨሩ ተቆረጡ።

ፈቲያ ደወለች።

«እህቴ፣ ምን አደረግሽው? አቶ ሙሉ መስኮቴ ላይ ቆመዋል። የመሬታቸውን ማረጋገጫ በአራት ሰዓት ለፍርድ ቤት ካላቀረቡ ማስረጃቸው አይታይላቸውም።»

አቶ ሙሉ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በድንበር የሚካሰሱ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

ሦስት ሰዓት አልፏል። አዲሱ አሰያየም እንዲዘጋ የሚያዘውን ቃል ሰርቨሩ ሲነሣ በሚያነበው የማስነሻ ትእዛዝ ላይ በስልክ ፊደል በፊደል አስጻፍኋት። ሰርቨሩ ሲነሣ የድሮዎቹ ስሞች ተመለሱ፤ ግን ተለዋውጠው። ኤት ዜሮ የነበረው ኤት ዋን ሆኗል። ይኼን እስክደርስበት ብዙ ደቂቃ አለቀ። ፈቲያ ኬብሎቹን አለዋወጠች፤ መስመሩ ተከፈተ፤ ወረቀቱ ታተመ። አራት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። ሰዓቱ ስላለፈ ዳኛው ማስረጃ የማቅረብ መብታቸውን ዘግተውባቸዋል። አቶ ሙሉ ስልኩን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ዶሮ ሳይጮህ ነው ከቤቴ የወጣሁት። እኔ እኮ አልዘገየሁም።»

አፈርሁ።

አቶ ደሳለኝ ዘንድ ገብቼ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠየቅሁ።

«መብራት ጠፍቶ ነው ብለሽ አርቅቂው» አሉ።

«መብራት አልጠፋም። ዳኛውም እብናት ነው የዋሉት፤ ያውቃሉ።»

«ታዲያ ማን ነው ያጠፋው ልበል?»

«እኔ ነኝ። ሳልናገር ነው የጫንሁት።»

እኔ ያልሁትን ጽፈው ማኅተም መቱበት። በዚያው ቀን ለእኔም ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ።

በማግስቱ እብናት ወርጄ እያንዳንዱን ስም ፋብሪካው ለካርዱ ከሰጠው የማይለወጥ ቁጥር ጋር አሰርሁት። ከዚያ ወዲህ አልተለዋወጡም። ፍርድ ቤቱም ደብዳቤውን አይቶ በሚቀጥለው ቀጠሮ የአቶ ሙሉን ማስረጃ ተቀበለ።

ሥራውን ለምትረከቡት፦ ማሻሻያ ከመጫናችሁ በፊት የእያንዳንዱን ካርድ ስምና ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ ደውሉና መስኮቱ ላይ ማን እንደቆመ ጠይቁ።