በጾም ወራት የቀረበ ይግባኝ

ከአምበር ወጣ ብላ ባለች ደብር መጻሕፍትን ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ከቅዳሴ ስመለስ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቼ፣ በመቋሚያዬ ክንዱን ሰበርሁት። ሁለት ዓመት ተፈረደብኝ። ጥፋቴን አልካድሁም። ይግባኝ ያልሁት ስለ ሕመሜ ነው። ስኳር አለብኝ፤ የእግሬም ቁስል አልደርቅ ብሎ ነበር። የቀረው እስራት ተገድቦልኝ ከቤቴ ሆኜ እንድታከም ለመንሁ።

ደብረ ማርቆስ ከችሎት የቀረብሁት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ከወገኖቼ አንድም ሰው አልመጣም፤ ወንበሮቹን የሞሉት የሌሎች እስረኞች ዘመዶች ነበሩ። መንግሥት ያቆመልኝ ወጣት ጠበቃ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «የኔታ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ፤ እባክዎ ትርጓሜ እንዳይጀምሩ» አለኝ።

የመሐል ዳኛዋ የሐኪሙን ማስረጃ አንብበው ቀና አሉ።

«አባት፣ መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወስዱ ታዞልዎታል። ይወስዳሉ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እወስዳለሁ።»

«ለምን?»

«ጾም ነው።»

«የንስሐ አባትዎ ለሕመምተኛ አይፈቅዱም?»

«ፈቅደውልኛል።»

ጠበቃው ዐይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ምክንያቱን ከዳኛዋ ሸሸግሁ። ስለ ወንድሜ ክንድ ብዬ ለራሴ ቀኖና ሰጥቼ ነበር። ቀኖና ከካህን የሚቀበሉት እንጂ በገዛ ፈቃድ የሚሸከሙት እንዳልሆነ ለስንት ደቀ መዝሙር አስተምሬአለሁ! ትሕትና የመሰለኝ ትዕቢት ነበር።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ሕመሙ የጠናው መድኃኒቱ በሰዓቱ ባለመወሰዱ ነው ተባለ፤ ማረሚያ ቤቱም ጠዋት ጠዋት አብልቶ በነርስ ፊት እንዲያስወስደኝ ታዘዘ።

በማግስቱ ነርሷ ዳቦና ክኒን ይዛ መጣች። የክፍሉ እስረኛ ሁሉ ጿሚ ነው። በዚያ ሰዓት እህል የሚቀምሰው አንድ የይጁቤ ባለሱቅ፣ ሙስሊም የመኝታ ጎረቤቴ ብቻ ነበር።

«ይምጡ እንጂ የኔታ፤ እኔስ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል» አለኝ።

«ቆይ፣ የእናንተ ጾም ሲገባ እበቀልሃለሁ» አልሁት።

ሳቀ። ወዲያው ግን እንዳላፍር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ።

አማትቤ ቆረስሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ወር፣ በዚያ ሰዓት አፌ እህል ነክቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሰው እንዳላየ ሆነ፤ እስክውጥ ድረስ ያየችኝ ነርሷ ብቻ ናት። ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀረኝ ነበር።