ከመብራቱ ያልላጥኩት ናስትሮ

ኬንያ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ መቱ ላይ ቡና ለሚገዛ የስልጤ ነጋዴ እነዳ ነበር። ወንድሙ ናይሮቢ ታሞ ተኝቶ ስለነበር በደብል ጋቢናው ፒካፕ ሄደን አመጣነው። እዚያ አገር በግራ ነው የሚነዳው። እሱን ለመልመድ ግማሽ ቀን በቃኝ። ጣጣው መብራቱ ላይ ነበር።

ሞያሌ ላይ አንድ መካኒክ ሳልጠይቀው መኪናዋን ከግድግዳ ፊት አስቆመኝና መብራት አብራ አለኝ። ብርሃኑ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይነሳል። ሠላሳ ዓመት ስነዳ ልብ ብዬው አላውቅም። ለካ በእኛ አገር ቀኙ ከፍ የሚለው የመንገዱን ዳር፣ እግረኛውን እንዲያሳይ ነው። በግራ ስትነዳ ግን ያው ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መካኒኩ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ በሁለቱም መብራቶች ላይ፣ ወደ ቀኝ የሚወረውረውን ቦታ ሸፈነው። "ስትመለስ ላጠው፤ አለዚያ ዳሩ አይታይህም" አለኝ። እሺ አልኩት።

መቱ ስንገባ ልልጠው አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን አሠሪዬ መጋዘኑ በር ላይ፣ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ባለበት፣ "ጋሼ፣ ያንን ነገር አይልጡትም እንዴ? ሰው እንዳይገጩ" አለኝ። በልጅነቱ የማውቀው ሰው ነው። ጫኞቹ ሳቁ። አንዱማ ጋሼ ኬንያ ደርሰው መምጣታቸው እንዲታይላቸው ነው አለ። እኔም ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ፣ ማንም አያስተምረኝም ብዬ መለስኩ። ሰው ፊት ባይናገረኝ ኖሮ በዚያው ቀን እልጠው ነበር። ከዚያ በኋላ መላጡ መሸነፍ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት እንደተለጠፈ ነዳሁ።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ሊነጋጋ ሲል ወደ ያዮ ስሄድ፣ ሁሩሙ ሳልደርስ ጭጋግ ያዘኝ። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። በቀኝ በኩል አንድ ነገር ስመታ ተሰማኝ። ወርጄ ሳይ አንድ ሰው ቦዩ ጠርዝ ላይ ወድቋል፤ ለገበያ የያዘው ማር ከባልዲው ወጥቶ ይፈሳል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተጣሟል። ሳናግረው መለሰልኝ።

ከዚያ ያደረግኩትን ልጻፈው። ሰውየውን ሳላነሳ ወደ መኪናዋ ፊት ሄጄ ሁለቱንም ናስትሮ ላጥኩና ኪሴ ከተትኩ። እሱን ካደረግኩ በኋላ ነው ሰውየውን አቅፌ ጭኜ ሆስፒታል የወሰድኩት።

ትራፊክ ፖሊሱ መብራቱን አብርቶ አየ፤ ይሠራል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡም እኔ ስለ ጭጋጉ ብቻ ተናገርኩ። ሰውየው ዳር ዳሩን እየሄድኩ ነበር ብሎ ቢምል የሰማው የለም። ሽማግሌዎቹ በእንዲህ ያለ ሁሪ፣ ጭጋጉን ማለታቸው ነው፣ ሰው መንገድ መሃል አይገባም ብለው ገሠጹት። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል ተባልን። አሳከምነው፣ ታረቅን። ሚስቱ ግን እያንቀላፋህ ሄደህ ነው እግርህን ያሳጣኸን ትለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ሥራው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ መስቀል ነበር። እግሩ ድኖም አጥሮ ስለቀረ ዛፍ መውጣቱ ቀረ። በገበያ ቀን ሁሩሙን ሳልፍ ሌላ ሰው የቆረጠውን ማር ሲሸጥ አየዋለሁ። እጄን አነሳለሁ፣ እሱም ያነሳል። አንድ ቀን ጭጋግ ባለበት ጠዋት እዚያው ቦታ ቆሜ መብራት አበራሁ። ሣሩም የቦዩም ጠርዝ ወለል ብሎ ይታያል። 

መንዳት ካቆምኩ በኋላ ነው ቤቱ የሄድኩት። ናስትሮዎቹን መንጃ ፈቃዴን ከማኖርበት ላስቲክ አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። እያገላበጠ ብዙ አያቸው።

"ጎንበስ ብለው መብራቱን ሲነካኩ አይቼዎታለሁ" አለኝ። "ደሜን የሚጠርጉ መስሎኝ ነበር።"

አንዱን ናስትሮ ወደ እኔ አነሳው።

"ይህ ባይኖር ያዩኝ ነበር?"

"አይህ ነበር።"

ይቅር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን "ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ይሠራልኛል? ዳር እንደነበርኩ እኔ ድሮም አውቃለሁ። እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ይናገሩ" አለ። አንዱን ናስትሮ ኪሱ ከተተና ሌላውን መለሰልኝ። ተመልሼ ሳልመጣ እንዳልቀር ይመስለኛል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሞተዋል፤ ሁለቱ መጡ። ሚስቱም በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉንም ተናግሬ ጨረስኩ። አንደኛው ሽማግሌ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠህ አሉኝ። 

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞራ በኦሮምኛ፣ "ዳር ነበርክ ማለት ነው" አለችው።

እሱ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።  ዱላዬን አንስቼ ስቆም ቁጭ በል ያለኝ ሰው የለም።