ከሶኬቱ የማይነቀለው መለኪያ

አባቴ ሰው አያምንም። ዕድሜውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከፊደል ቀድሞ ነው ያስተማረን። ጡረታ ሲወጣ የሚጠረጥረው ሰው ቢያጣ መብራቱን መጠርጠር ጀመረ። ሳሎን ሶኬት ላይ መለኪያ ሰክቶ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ይውላል። መለኪያው ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ከላይ ቮልቴጁን፣ ማለት የመብራቱን ግፊት፤ ከታች ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንቴ እንደሚመላለስ።

ነገሩ የከረረው ፍሪጃችን የተቃጠለ ቀን ነው። እማዬ የስኳር በሽታ አለባት፤ ኢንሱሊኗ እዚያ ውስጥ እንዳለ ሞቆ ተበላሸ። ከእህቴ ቤት ሌላ ፍሪጅ ተዋስን። እሱም ማቃሰት ሲጀምር አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፍሪኩዌንሲው ሃምሳ ላይ ቀጥ ብሏል፤ የሚወርደው ቮልቴጁ ብቻ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ችግሩ ከማመንጫው ቢሆን ፍሪኩዌንሲውም ይንገዳገድ ነበር። ስለዚህ ጠላታችን ሩቅ አይደለም።»

ከግድግዳው ማዶ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አጎቴ፣ በያጁ። የብየዳ ማሽን መብራት እንደሚስብ ማንም ያውቃል። ቮልቴጁም የሚወርደው ቀን ቀን፣ እሱ በሚሠራበት ሰዓት ነው። አባዬ አጥሩ ጋ ሄዶ፣ ሰፈር እየሰማ፣ «ሚስቴን ልትገድልብኝ ነው!» ብሎ ጮኸበት።

አጎቴ ክው አለ። «ጋሼ፣ እኔ?» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ።

የብየዳው ድምፅ ጠፋ። ቁጥሩ ግን መውረዱን አልተወም።

«ድምፅ አጥፍቶ መሥራት ጀመረ» አለ አባዬ።

«ብረት በሹክሹክታ ይበየዳል እንዴ?»

«አንቺ አጎትሽን አታውቂውም።»

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ ያቺ የዋህ እናቴ እንኳ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ማዳመጥ ጀመረች። በዓይኔ ላየው ሄድኩ።

አጎቴ ባዶ ወርክሾፑን እየጠረገ ነበር። ማሽኑ የለም።

«ሸጥኩት» አለኝ፣ መጥረጊያውን ሳይለቅ። «የእትዬ መድኃኒት ከሚበላሽ የኔ ሥራ ይቅር። ከመንገዱ ማዶ ያለው መጋዘን ጥበቃ ተቀጥሬያለሁ፣ ከሰዓት እገባለሁ። ለጋሼ እንዳትነግሪው፤ ያፍራል።»

ነገርኩት እንጂ! አባዬ ዓይኑን ከመለኪያው አልነቀለም። ያን ጊዜ እማዬ የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራች፤ ቁጥሩ ወረደ። አጠፋችው፤ ወጣ።

«እስቲ ድገሚው» አላት። ድምፁ ተለውጧል።

ደገመችው። ወረደ።

ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ ከቆጣሪው ስር ያለውን ሳጥን ከፈተ። ምድጃው የተገዛ ጊዜ ዋናውን መስመር የቀጠለው ራሱ ነበር። ሽቦው ላልቷል፤ ፕላስቲኩ ከስሏል። ዓለሙን ሁሉ ሲጠረጥር የገዛ እጁን ጠርጥሮ አያውቅም።

አጥብቆ አሰረውና ማጥፊያውን መለሰ። ቁጥሩ ቀጥ ማለቱን ግን ዞር ብሎ አላየም። መለኪያውን ከሶኬቱ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወጣ፤ ተከተልኩት።

አጎቴ መጋዘኑ በር ላይ፣ የሰፋው የጥበቃ ካፖርት ውስጥ ተቀምጧል። ወንድሙን ሲያይ ደንግጦ ብድግ አለ።

«ጋሼ! እትዬ ደህና ናት?»

አባዬ መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። ደህና መሆኗን የነገርኩት እኔ ነኝ።