ሲጠራ የማይነሳ ስልክ

አባባ ሲደውሉልኝ ስልኩን አላነሳም። ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ሰሞን ክፉ ልጅ አድርገውኝ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፣ «አባባ» የሚለው ጽሑፍ ይበራል፣ እኔ ደግሞ እጄን ሰብስቤ አዳምጣለሁ። አንዴ ጠርቶ ሲቋረጥ እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አንዷ ባልደረባዬ አላስችላት ብሎ «ኧረ አንቺ፣ አባትሽ ናቸው እኮ! አንሺላቸው እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ።

«ካነሳሁትማ ይቀየሙኛል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተሰቤ ጠይቃኝ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጨዋታ የሚያውቁ፣ ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ በየምግብ ቤቱ ወንበር የሚሳብላቸው ሰው። ስትሮክ ሲመታቸው ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን አንድ ላይ ወሰደባቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ በከዘራ ተመለሰ። ቃል ግን አልተመለሰም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ሁሉን ይረዳሉ፤ ሊናገሩ ሲሉ የሚወጣው ድምፅ ግን ራሳቸውን ያስደነግጣቸዋል። ስለዚህ መሞከሩን ተዉት። ሰው ፊት ድምፅ አያወጡም፣ እኔ ፊትም ቢሆን። እሳቸውን የመሰለ ተጫዋች ሰው እንደዚያ ጭጭ ሲል ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን የምንኖረው እኔና አባባ ብቻ ነን። እኔ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ስውል ጎረቤታችን ብቅ እያለች ታያቸዋለች፤ እሷም ግን ገበያ አላት፣ ልጆች አሏት። ቀኑን የሚያሻግረን የአባባ ስልክ ነው። ትንሽ የቁልፍ ስልክ ነች። ቁጥር ሁለትን ጫን አድርገው ሲይዙ ወደ እኔ ይደወላል። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ሳያቋርጥ ከጠራ «ነይ» ነው። እኔም በበኩሌ አንዴ አስጠርቼ እዘጋለሁ፤ «ሰማሁ» ማለቴ ነው። በአገሩ ሁሉ ሚስኮል ማለት «ሂሳብ የለኝም፣ ደውልልኝ» ነው። በእኛ ቤት ግን ሚስኮሉ ራሱ ወሬው ነው። ይህን ሕግ ያወጡት አባባ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሳላውቅ አንስቼባቸው ትንፋሻቸው ብቻ ሲሰማኝ «አባባ! አባባ!» እያልኩ ጮህኩባቸው። ማታ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው አገኘኋቸው። እራትም አልበሉ።

እንግዲህ እኔ ሥራ የምሄደው በዚያች ሚስኮል ነው። አባባም በገዛ ቤታቸው፣ ጠባቂ ሳይቆምባቸው፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚውሉት በእሷ ነው። እሷ ከጠፋች ወይ እኔ ሥራ እለቃለሁ፣ ወይ አባባ አዲስ አበባ ሄደው የወንድሜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይወጣሉ። ከዘራ ይዞ አራተኛ ፎቅ! ወጡ ማለት አይወርዱም።

ስለዚህ የስልኳ ባትሪ አብጦ የጀርባ ክዳኗን ሲገፋው እንዳትሞትብን ፈራሁ። በላስቲክ አሰርናት። በላስቲክም ሆና መጥፋት ጀመረች። ለወንድሜ ደወልኩለት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? እኔ ስልኬ እስኪሞት የምይዝ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ፣ ካርቶን ሲከፍት ራሱን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ነው። የመሰሎቹ የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ እኔንም «ትንሽ ንቂ» ብሎ አስገብቶኛል። አልዋሽም፣ ማንበቡን ወድጄዋለሁ። አንዱ ካሜራው ጨረቃን አቅርቦ ያነሳል ይላል፤ ሌላው ያ ጨረቃ የውሸት ነው ብሎ ይሰድበዋል፤ ሲሰዳደቡ ይውላሉ። እኔ ደግሞ ይገርመኛል፤ ጨረቃን ማን አዘዛቸው? እነዚህ ሁሉ ብልህ ልጆች ከስልክ የሚፈልጉት ነገር አባባ ከሚፈልጉት ጋር የሚገናኘው የት ላይ ይሆን?

ቆይ እስቲ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «ለማይናገር፣ በግራ እጁ ብቻ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ስልክ የቱ ነው?» አሥር ሳይቆጠር መልሱ ጎረፈ። «ባጀትሽ ስንት ነው?» «ጌም ይጫወታሉ?» «ከስምንት ራም በታች እንዳታስቢ።» አንዱ ቅን ልጅ «በድምፅ የሚታዘዝ ግዢላቸው» አለኝ። የማይናገር ብዬሃለሁ እኮ፣ የኔ ጌታ! የቁልፍ ስልክስ ብል ደግሞ የሳቅ ምልክት ዘነበብኝ፤ «እህት፣ እሱ እኮ ሞቷል» አሉኝ። የሞተውን ይቅበሩት ብዬ ተውኳቸው።

ወንድሜ ቅዳሜ መጣ። የሚያብለጨልጭ ስልክ ይዞ። ወንድሜ አባባን ይወዳል፣ ይህ ይታወቅልኝ። ነገር ግን ከታመሙ ወዲህ ደውሎላቸው አያውቅም። «ምን ብዬ ላዋራ? ብቻዬን ሳወራ ለእሳቸውም ለእኔም ጭንቀት ነው» ይለኛል፤ ሲደውልም ለእኔ ነው፣ «አባባ እንዴት ናቸው?» ይልና ይዘጋል። የስልክ ፍቅሩና ይህ ፍርሃቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ሁሌም ይደንቀኛል።

አባባ አጠገብ ተቀምጦ ሲያሳያቸው አመሸ። የእኔን ፎቶ አንስቶ ስክሪኑ ላይ አስቀመጠ፣ የሳህን ያህል አድርጎ። «አባባ፣ እሷን መንካት ብቻ ነው፤ ይደወላል።» ቀጥሎ «በማንሳት፣ በመዝጋት መድከም ቀርቷል። ማንም ሲደውልልዎት ስልኩ ራሱ ይነሳል፣ ድምፁም ለቤቱ ሁሉ ይሰማል» አለና ኩራት ኩራት አለው።

«ራሱ ይነሳል?» አልኩ።

«ራሱ!»

«የእኛ ስልክ እኮ አይነሳም።»

«እሱ ነው እኮ ኋላ ቀርነቱ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ መለስኩለት። አባባ ሁለታችንንም እያዩ ደህና በሆነው በግራ ጉንጫቸው ፈገግ አሉ። ልጃቸው ያመጣውን እንቢ አይሉም። ሲም ካርዱ ወደ አዲሱ ገባ፣ ያቺ ላስቲክ የታሰረችው መሳቢያ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ወንድሜ «አባባ አሁን ሰው አያስፈልጋቸውም» ብሎ በአዲሱ ስልኩ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ከተማችን ሐይቅ ወርዷል። የሻይ ሰዓት ደረሰ፤ ሚስኮል የለም። የምሳ ሰዓት ተቃረበ፤ የለም። ያቺ የተቆጣችኝ ባልደረባዬ ሳይቀር «ዛሬ አልደወሉም እንዴ?» አለችኝ። አላስቻለኝም፤ አንዴ አስጠርቼ ልዝጋ ብዬ ደወልኩ። ከመጥራቱ ተነሳ። ራሱ ተነሳ።

መጀመሪያ የአልጋ ሲጢጥታ ሰማሁ። ቀጥሎ አባባን። ከጉሮሮ የሚታገል፣ የተሰባበረ ድምፅ፤ ደግሞ ይሞክራሉ፣ ደግሞ ይሰበራል። በሦስተኛው ላይ ስሜ መሆኑ ገባኝ። መሞከሩን ከተዉት ወዲህ ያን ድምፅ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። «አባባ፣ መጣሁ» ብዬ ዘጋሁና ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። ምንም አልሆኑም። ስክሪኑን ሳየው ግን ፎቶዬ የለም። በቦታው ሰማያዊ ባዶ ነገር ብቻ። አባባ በጣታቸው ያን ባዶ ቦታ ደጋግመው እየጠቆሙ ያዩኛል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ልጄን አጠፋኋት እያሉኝ ነበር።

ወንድሜ ሲመጣ ስልኩን ተቀብሎ ወዲያው ገባው። «ጣታቸው ቆይቶ ስለተጫነ ነው። ሲቆይ ምልክቱ ይነቃነቃል፤ ጎትተው አውጥተውታል» አለና ወደ እሳቸው ዞሮ ለዘብ ባለ ድምፅ «አባባ፣ መንካት ነው እንጂ መጫን አይደለም» አላቸው።

ቱግ አልኩ። «ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ እጅ መንካት ከየት ይምጣለት? አንዴ እንኳ ሲደውሉ አይተሃቸዋል?»

አላየም። ከመሳቢያው ያቺን ላስቲክ የታሰረችውን አውጥቼ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸውና «እስቲ ዝም ብለህ እይ» አልኩት። እኔም እንደዚያ አስተውዬ አይቼ አላውቅም ነበር። አባባ ስልኳን አላዩዋትም። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ብቻዋን ቁልፎቹ ላይ ዳሰስ ዳሰስ አለች፣ አንድ ቦታ ቆመች፣ ከዚያ አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣችና ጫን አለች።

«አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን፣ በጣት የምትዳሰሰውን ነጥብ ነው የፈለጉት» አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። «ከእሷ ተነስተው ነው ሁለትን የሚያገኙት።» ከዚያ ወደ አባባ ጠጋ ብሎ «እስቲ ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት። ልክ ጨረቃዋን አቅርቦ የሚያነሳ ካሜራ ያየ ያህል አፉን ከፍቶ አየ።

በማግስቱ ስልክ ልንገዛ አብረን ወጣን። ወንድሜ ስለ ራም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባለ ሱቁ ከመስተዋቱ ሥር ያሉትን የቁልፍ ስልኮች እንዲደረድርለት ጠይቆ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግራ አውራ ጣቱ አንድ በአንድ ይዳስስ ጀመር። አንዷን ቁልፏ ለስላሳ ነው ብሎ መለሳት፤ አንዷን ነጥቧ አይታወቅም ብሎ። ባለ ሱቁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጤነኛ ነው?» አለኝ።

«ገና ዛሬ» አልኩት።

ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የመጡ አንድ ገበሬ አጠገባችን የቁልፍ ስልክ እየመረጡ ነበር። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ «ይቅርታ አባቴ፣ እርስዎስ ይህንን ለምን መረጡ?» አላቸው። ሰውየው የእጅ ባትሪዋን አብርተው አሳዩት። «መብራት ሲጠፋ መብራት፣ ሲመጣ ስልክ» አሉት። ወንድሜ ከልቡ ሳቀ፤ ከዚያ ስለ ድምፁ፣ ስለ ባትሪው ይጠይቃቸው ገባ። የሱቁ ሰው ሻጩን ትቶ ደንበኛውን ሲጠይቅ የዋለ ገዢ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማታ አዲሷን የቁልፍ ስልክ ለአባባ አስያዛቸው። ሁለት ላይ እኔን አስገባ። አባባ አውራ ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አሳርፈው ወደ ላይ ወጡ፣ ጫን አሉ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ቆመ። እሰይ! ወንድሜ ሊነሳ ሲል እጁን ያዙት። ጣቱን ወስደው ቁጥር ሦስት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ደረቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

ወንድሜ ስልኳን ተቀበላቸው። ከዚያ ሦስት ላይ የራሱን ቁጥር አስገባ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ደወለልኝ። ድምፁ ቸኩሏል። «አባባ ደወሉልኝ! አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። መልሼ ልደውል?»

«እንዳታደርገው! ደህና ነኝ ማለታቸው ነው።»

«እና እኔ ምን ልበላቸው?»

«አንዴ አስጠራና ዝጋ።»

ዘጋብኝ። ወዲያው መልሶ ደወለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አስጠራሁ፣ ዘጋሁ» አለኝ። «አሁን አዋራኋቸው?»

«አዋራሃቸው» አልኩት።