ልጄን ያልወደድሁባቸው ሳምንታት

ቢቸና ተወልጄ ያደግሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሞጣ በተዛወርሁ በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ወለድሁ። እናት ልጇን ስታቅፍ በደሟ ስለሚሰራጨው፣ ወተትንም ፍቅርንም ስለሚቀሰቅሰው ሆርሞን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። አዋላጇ ልጁን ደረቴ ላይ ስታስተኛው ግን ምንም አልተሰማኝም። የሰው አደራ የተቀበልሁ መሰለኝ።

እናቴ ልታርሰኝ ከቢቸና መጣች። ጠያቂው ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሲለኝ ፈገግ እላለሁ፤ ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ለማንም አልተነፈስሁም።

ያወቁብኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ሴት። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልታሞቅ እስክትወጣ ጠበቁና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ልጁ አንጀትሽ ውስጥ አልገባም፣ አይደል?” አሉኝ።

አለቀስሁ። “ልቤ ድንጋይ ሆነ፣ እትዬ።”

“ድንጋይ አይደለም፣ ደክሞሻል። ፍቅሩ እስኪመጣ ብለሽ ቁጭ አትበይ። ልብስሽን አውልቂና ደረትሽ ላይ አስተኚው። አሽትቺው። ሌላውን ለእኔ ተይው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ትተው ይመጡ ነበር። ጠያቂውን በዘዴ ይሸኛሉ፤ ያስተኙኛል፤ ስነቃ ልጁን ራቁት ደረቴ ላይ ያደርጉልኛል። አንድም ቀን “አሁንስ ወደድሽው?” ብለው አልጠየቁኝም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ፣ እናቴ ልጁን ጓዳ ስታጥበው እኔ ደጅ ልብስ አሰጣ ነበር። ለቅሶውን ሰማሁ። ገና ምንም ሳላስብ ከጡቶቼ ወተት ፈሰሰ፤ ቀሚሴ ራሰ። የያዝሁትን ልብስ ጭቃ ላይ ጥዬ ሮጥሁና ከእናቴ እጅ ነጠቅሁት።

“ምን ሆነሻል? ውሃው እኮ ለብ ያለ ነው!” አለች።

ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ እርጥብ ጭንቅላቱን አሸተትሁ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የሣልሁት ነገር በራሴ ገላ ውስጥ ሲሆን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጎረቤቴ ሲመጡ ነገርኋቸው። እጄን ይዘው ሳቁ።

“እንዴት አወቁብኝ?” አልኋቸው።

“እህቴ በወሊድ ሞተችና ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ። በልጅቷ ምክንያት እህቴን ያጣሁ መስሎኝ ፊቷን ማየት ጠላሁ። ግን ይርባታል፤ አበላሁ፣ አጠብሁ፣ አዘልሁ። አንድ ቀን አተኮሳት። ‘ያ አላህ፣ ይችን አትውሰድብኝ’ ብዬ ስማጸን ራሴን ሰማሁት።”

ልጅቷን አውቃታለሁ። ሱቃቸው ስሄድ ጨርቁን የምትለካልኝ እሷ ናት። ሞጣ ከመጣሁ ጀምሮ እሳቸው የወለዷት ትመስለኝ ነበር።