የእማዬ «የጭንቅላት ዶክተር»

ዛሬ የእማዬ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ጋሽ ተፈራ የኤምአርአይ ሲዲ ይዘው ላቦራቶሪያችን በር ላይ ጠበቁኝ። ከሌክውድ እኔ እስካለሁበት አውሮራ ድረስ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ነድተው!

«ዶክተር፣ እስቲ ጭንቅላቴን እይልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም፤ ዶክተርነቴ የምርምር ፒኤችዲ ነው። በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ግድግዳ ነው የማጠናው፤ እሱንም በአይጥ አንጎል ምስል!»

«የአይጧን ሚጢጢ አንጎል እያየህ የእኔ ያቅትሃል?»



«ሐኪምዎስ ምን አሉ?»

«ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። እናትህ ‹ልጄ እያለ ምን ያለፋዎታል?› ስትለኝ ካንስል አደረግኩት።»

እማዬ!

ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ ተጥጄ ሌላ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው፤ ያገኘነው ከወር በኋላ ነው። ጋሼ ግን አልከፋቸውም። «እስከዚያ አንተ እየው» ብለው ሲዲውን ትተውልኝ ሄዱ።

ፒኤችዲ ያላችሁ ወገኖች፣ እናቶቻችሁን እንዴት ነው ዝም ያሰኛችኋቸው?