የተበሳው የሞተር መጋዝ

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ ከነቀምት ጋራዥ ተነስቶ አንገር ጉቲን፣ መንግሥት እርሻ ተመደበ። ሥራው ጫካ የሚመነጠርባቸውን የሞተር መጋዞች መጠገን ነበር። እኔም ልጆቼን ይዤ ተከተልኩት።

መጋዞቹ ለመነሳት እምቢተኞች ነበሩ። የማስነሻውን ገመድ ሲስቡት መልሶ ይስባል። ሲሊንደሩ ውስጥ የታፈነውን አየር የምታስተነፍስ፣ በጣት የምትጫን ትንሽ ቫልቭ ነበረቻቸው፤ ቀዳዳዋ ግን ስለጠበበ አታስተነፍስም። የአንድ ዛፍ ቆራጭ የእጅ አንጓ ተሰበረ።

የእርሻው ካድሬ ምክንያቱን ወዲያው ደረሰበት። "የወንድም ሶሻሊስት አገር ማሽን ጉድለት የለውም። ጉድለቱ ያለው የሚስበው ሰው ንቃት ላይ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ መጋዝ ማስነሳት ያቃተው ሁሉ በስብሰባ ግለ ሂስ ያደርግ ጀመር። ሰዎቹ ነቁ፤ መጋዞቹ ግን አልተነሱም።

ባለቤቴ ማንንም ሳያስፈቅድ የአንዱን መጋዝ ቫልቭ ፈታና ቀዳዳዋን በቀጭን መሰርሰሪያ አሰፋት። ካድሬው ሰማ።

"የመንግሥት ማሽን በሳ! ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!"

በአሻጥር ተከሶ ወደ ነቀምት የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ስብሰባ ተጠራ። የተበሳውና ያልተበሳው መጋዝ ዋርካው ሥር ቀረቡ።

ካድሬው ንቃት ምን እንደሆነ ሊያሳየን ያልተበሳውን ያዘ።

"ኦቦ ጓድ፣ ሱታ! ቀስ ይበሉ!" አሉ አንድ የአገሩ ሽማግሌ።

"አብዮት ቀስ አይልም!" ብሎ ሳበ። ገመዱ መልሶ ሳበው። ክንዱን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም፤ መሳቅም ያሳስር ነበር።

የተበሳውን የሚነካ ወንድ ጠፋ። እኔ ያዘልኩትን ሕፃን አወረድኩ።

"ጓድ፣ በደኅናው እጅዎ ይያዙልኝ።"

ከድንጋጤው የተነሳ ተቀበለኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ንቃቴን ልፈትሽ።"

ቫልቯን ተጫንኩ። በልቤ "ጌታ ሆይ" አልኩና ሳብኩ። በሁለተኛው ተነሳ። ሕፃኑ በድምፁ ደንግጦ የካድሬውን ካኪ አራሰው።

ካድሬው ማሽኑ በእርሱ አመራር እንደተሻሻለ ለበላዮቹ ጻፈ። ባለቤቴ ያለ መመሪያ በመብሳቱ ግለ ሂስ አደረገ፤ ወዲያውም የቀሩትን እንዲበሳ መመሪያ ተሰጠው። ወደ ነቀምት መወሰዱም ቀርቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ካድሬው ክንድም ጸለይኩ። እንዲድን ለመንኩ፤ ቶሎ እንዲድን ግን አልለመንኩም።